«ሬሞ» እና «ሬምሞ» አንድ አይደሉም፦ ስለ ጣልያንኛ ትንቢት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሮም ያለን ልጆች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ፣ የጣልያንኛን የትንቢት ጊዜ፣ ያው ፊውቸር የምንለውን ማለት ነው፣ በግማሽ ሰዓት አስጨርሳችኋለሁ የሚል። ጸሐፊው ሰውን ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ ቀልዱም ጥሩ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ግን ከ2018 መጨረሻ ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው) ለዜግነት ስናመለክት የቢ1 ደረጃ (መካከለኛ የጣልያንኛ ችሎታ ማለት ነው) ወረቀት ስለምንጠየቅ ይሄን ጽሑፍ ይዘው ፈተና የሚገቡ ልጆች አሉ፣ ሁለቱን በስም አውቃቸዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ አላዋጣኝም።

ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። የትንቢት መጨረሻዎቹ ትርጉም ስለሌላቸው ሸምድዷቸው፣ የአንድን ቃል ክፍለ ቃል (ሲላብሉን) ለማወቅ በአማርኛ ጻፉትና ፊደሉን ቁጠሩ፣ ድርብ ፊደል ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ አይደለም፣ ሁለት ተነባቢ ሲገናኙ ሁሌ መሃላቸው ቁረጡ፣ መጨረሻው አናባቢ አናት ላይ ያለችው ጭረት ብትቀርም ችግር የለውም፣ ስለ ነገ ሲወራ ምንጊዜም ትንቢት ነው። ስድስት ነገር። መጨረሻ ላይ ደሞ ሠንጠረዥ አለው፣ እሱ ላይ እንመጣለን።

ሽምደዳው ላይ ልጀምር። «ኦ፣ አይ፣ አ፣ ኤሞ፣ ኤቴ፣ አንኖን እንደ ስልክ ቁጥር ያዙት፣ ትርጉም የለውም» ይላል። አለው ወንድሜ፣ ያውም ቃል በቃል «አለው» ነው ትርጉሙ። ጣልያንኛ «አለኝ» ለማለት ኦ ይላል፣ «አለህ» አይ፣ «አለው» አ፣ «አላቸው» አንኖ። አሁን መልሰህ መጨረሻዎቹን እያቸው። «አለን» ዛሬ አብያሞ ሆኗል ግን የድሮው፣ ሮም ውስጥም ሽማግሌዎች አፍ ላይ አሁንም የምትሰማው፣ አቬሞ ነው፣ «አላችሁ» አቬቴ ነው፣ ከሁለቱ ላይ አቭን አንሳ፣ የሚቀርህ ኤሞ እና ኤቴ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ላቲን የሚናገረው ሕዝብ የድሮውን የትንቢት ቅርጽ ትቶ «ካንታሬ ሃቤዮ» ማለት ጀመረ፣ «መዝፈን አለኝ» እንደማለት፣ ያ ተጨማድዶ ተጨማድዶ ነው ካንቴሮ የሆነው። ለምን ተውት ካልክ አንዱ ምክንያት የድሮው ካንታቢት (ይዘፍናል) እና ካንታዊት (ዘፈነ) የሚባሉት ሁለቱ ድምጻቸው ተለዋውጦ ካንታቪት ላይ ስለተገናኙ ነው፣ ይዘፍናል እና ዘፈነ አንድ ሲሆኑብህ ሌላ ነገር መፈለግህ የት ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። በ7ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የፍሬዴጋር የሚባል ዜና መዋዕል ውስጥ የቢዛንቲኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ የፋርሱን ንጉሥ አገሮቹን መልስ ይለዋል፣ ንጉሡም «ኖን ዳቦ» ይላል፣ ዳቦ የለም ማለቱ እንዳይመስላችሁ፣ አልሰጥም ነው በድሮው ላቲን፣ ዩስቲንያኖስ ደሞ «ዳራስ» ብሎ ይመልስለታል፣ ትሰጣለህ። ዳራስ የዛሬው ዳራይ ናት፣ «ዳሬ» ላይ «አለህ» የተለጠፈባት። አሮጌው ትንቢትና አዲሱ ትንቢት አንድ ጭቅጭቅ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው ማለት ነው። ሰርዲኒያ ከሄድክ ደሞ እስካሁን አልተለጠፈም፣ «አፖ አ ካንታሬ» ይላሉ፣ አለኝ ለብቻው መዝፈን ለብቻው።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? አማርኛ እኮ ራሱ እንደዚያው ነው የሚሠራው! «እናገራለሁ» የምትለው እናገር + አለሁ ነው፣ ትናገራለህ፣ ትናገር + አለህ፣ ይናገራሉ፣ ይናገሩ + አሉ። ካላመንክ አሉታ አድርገው፣ «አልናገርም» ስትል አለሁ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ ተለጣፊ ስለሆነ ነው። የእኛ «አለ» የመኖር ግስ ነው፣ ኝ ስንጨምርበት ደሞ «አለኝ» ብሎ የንብረት ይሆናል፣ የእነሱ ከመጀመሪያውም የንብረት ነው፣ ልዩነቱ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓርሌሮን (እናገራለሁ) ማንም ሀበሻ መሸምደድ የለበትም፣ ሲወለድ ጀምሮ የሚሠራበትን ነገር በሌላ ፊደል እያየ ነው።

ወደ ፊደል ቆጠራው። «ፓርሌሮን በአማርኛ ጻፉት፣ አራት ፊደል ነው፣ ስለዚህ አራት ክፍለ ቃል አለው» ይላል። ሦስት ነው፣ ፓር-ሌ-ሮ። ሳድስ ፊደል አናባቢ ላይኖረው እንደሚችል ማንም የአማርኛ ግጥም የሞከረ ሰው ያውቃል፣ «ትምህርት» አምስት ፊደል ነች ግን ስትላት ትም-ህርት፣ ሁለት ነች። ፓርሌራይ አምስት ፊደል ነው፣ ሲነገር ፓር-ሌ-ራይ፣ ያው ሦስት። ጸሐፊው እዚች ላይ ጭራሽ ራ-ኢ ብሎ ቆርጧታል ሁለት አናባቢ ስላየ፣ ግን አይ አንድ ላይ የሚንሸራተት ድምጽ ነው፣ በንግግርም በጽሑፍም አይከፈልም (በጣልያንኛ ግጥም የስንኝ መጨረሻ ላይ ሲወድቅ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ግን ፈተናው ላይ ስንኝ ግጠም አይሉህም)። ፓርሌራንኖ ደሞ ን አንዴ ከጻፍከው አምስት ፊደል፣ ሁለቴ ከጻፍከው ስድስት፣ ክፍለ ቃሉ ግን አራት ነው፣ ፓር-ሌ-ራን-ኖ። ጻፊው በተለዋወጠ ቁጥር የሚለዋወጥ ቆጠራ ምኑ ቆጠራ ነው?

አሁን ወደ ዋናው፣ እንቅልፍ ወደ ነሳኝ። ድርብ ፊደል ለዓይን ነው ያለውን ሳነብ በእውነት ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚያነበው አማርኛ ተናጋሪ ነው። እንግሊዝ ቢሆን ይፈረድለት፣ ማጥበቅና ማላላት ጆሮው ውስጥ የለም። እኛ እኮ ገና ልጅ ነው እና ገና ደረሰ ስንል፣ ዋና መማርና ዋና መንገድ ስንል፣ ልብስ ሰፊና ሰፊ ቤት ስንል ፊደላችን ሳይነግረን ጆሮአችን የሚለይ ሕዝብ ነን። ጣልያንኛ ደግሞ ደግ ሆኖ በፊደል ጭምር እየጻፈ ይነግርሃል፣ አንተ ደሞ አትስማው ትላለህ።

ፓር-ሌ-ሬ-ሞ፣ እንናገራለን። ፓር-ሌ-ሬም-ሞ፣ እንናገር ነበር። ልዩነታቸው ም ላልታ ጠብቃ ብቻ ነው። ክፍለ ቃላቸውም የሚለያየው እዚያው ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ ሬ ክፍት ሆና አናባቢዋ ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ሁለተኛው ላይ ም ትዘጋታለች፣ ትቆርጣታለች። የሁለተኛውም መጨረሻ ባዶ አይደለም፣ ያው የ«አለን» ነገር ነው ግን ወደ ኋላ የሄደው፣ አቬምሞ፣ «ነበረን»። አያችሁ አይደል፣ መናገር + አለን ትንቢት፣ መናገር + ነበረን ደሞ «በሆነ ኖሮ» የምንልበት። እኛስ? እንናገራ-ለን፣ እንናገር ነበር። ከዚህ በላይ ምን እንዲመሳሰል ትፈልጋለህ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት አሮጊት ሲኞራ ጋር ነበር የምሠራው፣ እሁድ እሁድ ልጇ ቤት ምሳ እንሄዳለን። አንድ ቅዳሜ ለልጇ ደወልኩና «ዶሜኒካ ቬር-ሬም-ሞ» አልኳት፣ እሁድ እንመጣለን ማለቴ ነው፣ ም አጥብቄ፣ ለምን አጠበቅክ ብትሉኝ ሳጠብቀው ይበልጥ ጣልያን የሆንኩ ስለሚመስለኝ። ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «ማ?» አለችኝ። «ማ» ግን ማለት ነው፣ «እንመጣ ነበር» ስላልኳት «ግን ምን?» ብላ ቀሪውን እየጠበቀች ነው፣ እኔ ደሞ «ማምማ»ን፣ እናቷን፣ ትመጣለች ወይ ያለች መስሎኝ «ሲ፣ ሲ» አልኳት በደስታ። በነጋታው ስንደርስ በልተው ጨርሰዋል፣ አሮጊቷ ከቀዝቃዛ ፓስታ ጋር ቁጭ ብላ እኔን እኔን ታየኛለች። ይቺ ናት ለዓይን ናት የተባለችው ም።

አንድ ነገር ልጨምር ስለ ማጥበቅ፣ ጽሑፉ ጭራሽ ስላልነካው። የትንቢት ቃል ኦ ወይም አ ላይ ሲያልቅ ጉልበቱ (ስንናገር ጠንከር አድርገን የምንጫነው ቦታ) መጨረሻው ላይ ስለሆነ ሮምና ከሮም ወደ ደቡብ፣ ቶስካናም ጭምር፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የመጀመሪያ ተነባቢ ያጠብቁታል። «ፋሮ ቱትቶ» (ሁሉንም አደርጋለሁ) ሲነገር ፋ-ሮት-ቱት-ቶ ነው የሚሆነው፣ «ሳራ ቬሮ» (እውነት ይሆናል) ሳ-ራቭ-ቬ-ሮ። ሚላኖ ብትሄድ አያጠብቁም፣ ለዚህ ነው ከሰሜን የመጣ ሰው ወዲያው የሚታወቀው። ተጽፎ የቀረ ምልክትም አለው፣ «ሶፕራትቱትቶ»፣ «ዳቭቬሮ» የሚባሉት ቃላት እንደዚህ ከሁለት ቃል የተጣበቁ ናቸው። ጆሮህ የሀበሻ ከሆነ ሮም ገብተህ በሳምንትህ ትሰማዋለህ፣ ለዓይን ነው ብለው ካላደነቆሩህ።

ሁለት ተነባቢ ሲገናኙ መሃላቸው ቁረጡ የሚለው ላይ ግን ልፈርድለት እችላለሁ፣ የሁላችንም ስህተት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ቬድሮ» የሚል ነገር ሲያይ ቬድ-ሮ ብሎ ነው የሚሰማው፣ አብራ ስንል አብ-ራ እንደምንለው፣ ቋንቋችን ክፍለ ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር ስለማይወድ ነው። ጣልያንኛ ግን ር (ወይም ል) ከፊቷ እንደ ድ፣ ት፣ ፕ፣ ቭ ያለ ካለ ሁለቱን አይለያያቸውም፣ አንድ ላይ ወደሚቀጥለው አናባቢ ይሻገራሉ። ስለዚህ ቬ-ድሮ (አያለሁ)፣ ፖ-ትሮ (እችላለሁ)፣ ሳ-ፕሮ (አውቃለሁ)፣ አ-ቭሮ (ይኖረኛል)፣ ዶ-ቭሮ (ይኖርብኛል)፣ ቪ-ቭሮ (እኖራለሁ)። ተነባቢዎቹ ሦስት ሲሆኑ ደሞ ን ከፊተኛው ጋር ትቀራለች፣ አን-ድሮ፣ እሄዳለሁ። መቁረጥ ያለብህ የመጀመሪያዋ ር፣ ል፣ ም፣ ን ስትሆንና ድርብ ሲሆን ነው፣ ፓር-ሌ-ሮ፣ ቬር-ሮ።

እነዚህ አጫጭር ቅርጾች ከየት መጡ የሚለውን ጸሐፊው «ኢሬጉላር ናቸው፣ ለምን አትበሉ» ብሎ አልፎታል። ለምን እንበል እንጂ። ዱሮ አቬሮ፣ አንዴሮ ነበር የሚባለው፣ መሃል ያለችው ጉልበት የሌላት አናባቢ በጥድፊያ ወደቀችና አቭሮ፣ አንድሮ ቀረ። ቬኒሬ (መምጣት) ላይ አናባቢዋ ስትወድቅ ቬንሮ መሆን ነበረበት፣ ን እና ር ተጋጩ፣ ር ዋጠችው፣ ቬርሮ ሆነ። ቮሌሬ (መፈለግ) ቮልሮ ሊሆን ሲል ል ተዋጠችና ቮርሮ፣ ቴኔሬ (መያዝ) ቴርሮ፣ ሪማኔሬ (መቅረት) ሪማርሮ። ይሄ ደሞ ለእኛ ምኑም እንግዳ አይደለም፣ «ይሰበራል» ስንል ሰ ለምንድነው የምትጠብቀው? ተሰበረ ላይ ያለችው ተ እዚያ ውስጥ ስለተዋጠች ነው፣ ይትሰበር ሊሆን ሲል ይስሰበር ሆነ። በር በኩል ያልገባው ተነባቢ ማጥበቅ ሆኖ በመስኮት ይገባል፣ በሁለቱም ቋንቋ።

ስ የብቻዋ ጣጣ አላት። ኮስቴራ (ዋጋው ይሆናል) በትምህርት ቤት ሕግ ኮ-ስቴ-ራ ነው የሚቆረጠው፣ ፓስታም ፓ-ስታ፣ መስመር መጨረሻ ላይ ስትጽፍ እንደዚያ አድርግ። ድምጹን የሚያጠኑት መሃል ግን የለም ፓስ-ታ ነው የሚሉ አሉ፣ እና እውነቱን ለመናገር የእኔም ጆሮ ከነሱ ጋር ነው፣ ግን ፈታኙ ጆሮህን አይደለም የሚያርመው።

ጭረቷስ? «ብትቀርም ይገባቸዋል» ይላል። እስቲ እንያት። ፓርሌሮ እና ፓርሌራ፣ እኔና እሱ ወይም እሷ፣ ጉልበታቸው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጣልያንኛ ደግሞ ከአንድ ክፍለ ቃል በላይ ያለው ቃል ጉልበቱ መጨረሻው አናባቢ ላይ ከሆነ ጭረት ግዴታ ነው፣ ምርጫ አይደለም። ባለ አንድ ክፍለ ቃል የትንቢት ቅርጽ ስለሌለ (አጭር የሚባሉት ዳ-ሮ፣ ፋ-ሮ፣ ሳ-ሮ ራሳቸው ሁለት ናቸው) በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ላይ ያለ ጭረት የሚጻፍ ትንቢት የለም፣ አንድም። በሌሎቹ ላይ ደሞ ጭረት የለም፣ ፓርሌራይ ጉልበቱ መጨረሻ ክፍለ ቃሉ ላይ ቢሆንም አይጻፍበትም፣ ፓርሌሬሞ፣ ፓርሌሬቴ እና ፓርሌራንኖ ጉልበታቸው ከመጨረሻው በፊት ባለው ላይ ነው። ሁሉም መጨረሻ ላይ ይጫናል ያለውም ስለዚህ ልክ አይደለም።

ጭረቷን ስታነሳትስ ምን ይሆናል? ሳራ ያለ ጭረት የሴት ስም ነች፣ የእኛዋ ሳራ፣ ከነጭረቷ «ይሆናል»። ፋሮ ያለ ጭረት የመኪና የፊት መብራት ነው፣ ከነጭረቱ «አደርጋለሁ»። ቴርራ ያለ ጭረት መሬት፣ ከነጭረቷ «ይይዛል»። ፖርሮ ያለ ጭረት ባሮ ሽንኩርት፣ ከነጭረቱ «አስቀምጣለሁ»። አንድ ሰው ማመልከቻ ላይ ሰነዱን አስቀምጣለሁ ሊል ባሮ ሽንኩርት ብሎ ሲያስገባ ይገባቸዋል፣ አዎ ይገባቸዋል፣ ከሳቁ በኋላ። ስልክ ላይ ሰው ሲቸኩል ከጭረት ይልቅ አፖስትሮፍ አስከትሎ ሲጽፍ ታያለህ፣ መልእክት ላይ ማንም አይቆጣህም፣ ፈተና ላይ ግን ስህተት ነው።

ስለ ነገ ሁሌ ትንቢት ነው የሚለውን በሁለት ቃል ልለፈው። ጣልያኑ «ዶማኒ ፓርቶ» ይልሃል፣ ነገ እሄዳለሁ፣ በተራ የአሁን ጊዜ፣ ቁርጥ ከሆነ እንደዚያ ነው የሚቀለው። ትንቢቱን ደሞ ስለ ነገ ሳይሆን ስለ አሁን ለመገመት ያመጣዋል፣ «ሳራንኖ ሌ ትሬ»፣ ሦስት ይሆናል ሰዓቱ (የእነሱ ሦስት፣ የእኛ ዘጠኝ)። «ይሆናል» በሚለው በራሱ ቃል እኛም እንደዚሁ ነው የምንገምተው፣ ይቺን እንኳን ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም ነበር።

ቀረ ሠንጠረዡ። አብዛኛው ልክ ነው፣ ዶርሚሮም ክሬዴሮም ልክ ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ፓርላሮ» ይላል፣ ፓርላሬ ስለሆነ። መጨረሻቸው አሬ የሆኑት ግሶች አ ወደ ኤ ይለወጥባቸዋል፣ ፓርሌሮ ነው። ጸሐፊው ይሄን ከራሱ እንዳልፈጠረው ግን ልመስክርለት፣ ሲየና ሰዎች ድሮ እንደዚያው በአ ነበር የሚሉት፣ አን ኤ ያደረገችው ፊሬንዜ (ፍሎረንስ) ናት፣ መደበኛው ጣልያንኛ ደሞ የፊሬንዜን ወሰደ። የተረፉት ሦስቱ አጫጭሮች ብቻ ናቸው፣ ዳሮ (እሰጣለሁ)፣ ፋሮ፣ ስታሮ (እቆያለሁ)፣ እነሱን ኤ አታድርጉብኝ።

ሌላው፣ «ማንጃሬ (መብላት) ትንቢት ሲሆን ኢ ድምጿ ይጠፋል፣ ቼርካሬ (መፈለግ) ላይ ደሞ የሃ ድምጽ ይጨመራል» ይላል። ምንም አይጠፋም፣ ምንም አይጨመርም። በላቲን ፊደል ጂ ከአ ፊት ጀ ሆና እንድትነበብ ኢ ምልክት ሆና ትቆማለች፣ ኤ ሲመጣ ጀ መሆኗ ያለ ምልክትም ስለሚታወቅ ትነሳለች፣ ቼርካሬ ላይ ደሞ ካ ወደ ኬ ሲሄድ ቼ ተብሎ እንዳይነበብ ኤች የምትባለው ፊደል ትገባለች፣ በቃ። በእኛ ፊደል ጻፈው፣ ማንጃሬ፣ ማንጄሮ፣ ቼርካሬ፣ ቼርኬሮ፣ የጠፋም የገባም የለም። አገር ቤት መኪና አጣቢ በር ላይ «ላቫጆ» የሚለውን ታፔላ የጻፈው ሰው ይሄ ገብቶት ነበር፣ ጣልያኑ ስምንት ፊደል የሚፈጅባትን፣ ያቺን ስም ብቻ የሆነች ኢ ጨምሮ፣ በሦስት ፊደል ጨረሳት። ጣልያኑም ሲቆርጣት ላ-ቫጅ-ጆ ነው፣ ሦስት። እዚች ቃል ላይ የጸሐፊው ፊደል ቆጠራ ሠርታለታለች፣ እሷን ልተውለት።